አሥር ፍሬ ባቄላ

(የዝግጅቱ መለያ ሙዚቃ ይሰማል፤ ቀስ በቀስ ዝቅ ይላል)

የዛሬውን ዝግጅት እጅ አጣጥፎ ማዳመጥ አይቻልም። አጠገባችሁ ልጅ ካለ ወደ ወጥ ቤት ላኩትና አሥር ፍሬ ባቄላና አንድ የቡና ሲኒ ይዞ ይምጣ። ባቄላ ከሌለ ሽምብራም ቦሎቄም ይሆናል፤ የታጠበ ጠጠርም አይከፋም። ታናሽ ሕፃን ያለበት ቤት ግን ፍሬውን ወደ አፉ እንዳይከት አደራ። ልጁ እስኪመለስ እኛ ትንሽ እንጫወት።

ጉዳያችን ሒሳብ ነው፤ ያውም የመጀመሪያው ሒሳብ፤ መቁጠር፣ መደመር፣ መቀነስ፣ ማባዛትና ማካፈል። ከአፀደ ሕፃናት እስከ አራተኛ ክፍል ያለ ልጅ ይህን ቤቱ ውስጥ እየተጫወተ እንዴት ይማረው?

በብዙ ቤት የሒሳብ ጥያቄ የሚመጣው እንግዳ ሲኖር ነው። «ና እስቲ፣ ሰባት በስምንት ሲባዛ ስንት ነው? ቶሎ በል!» ልጁ የአባቱን ፊት ያያል፣ የእንግዳውን ፊት ያያል፤ ትናንት በደንብ የሚያውቀው ነገር ድራሹ ይጠፋበታል። እኛም «አይ፣ ይሄ ልጅ ሒሳብ አይሆንለትም» እንላለን፤ እሱም ይሰማል። አንድ ልጅ ይህን ዓረፍተ ነገር ደጋግሞ ከሰማ በኋላ ማስረሳት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ መምህራን ያውቁታል።

እኔ አጥብቄ የማምንበት ነገር ይህ ነው፦ ልጅ ሒሳብን የሚወደው መልሱ ላይ ራሱ አስቦ ሲደርስበት ነው። ለዚህም በእጁ የሚዳስሰው ነገርና የሚቆጥርበት እውነተኛ ምክንያት ያስፈልገዋል። ያለ ጥድፊያ የሚያስብበት ጊዜም ልንሰጠው ይገባል። እነዚህ ደግሞ ብር አያስወጡም።

ባቄላው መጣ? እንጀምር።

(አጭር ሙዚቃ)

ፍሬዎቹን ጠረጴዛ ወይም ሰሌን ላይ በትኗቸውና ልጁ ይቁጠር። አትርዱት። እያንዳንዱን ፍሬ በጣቱ እየገፋ ከቆጠረ ጎበዝ በሉት። አንዳንድ ልጅ ግን አፉ ከጣቱ ይቀድማል፤ «አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት» ሲል ጣቱ ገና አምስተኛዋ ፍሬ ላይ ናት። ይህ ልጅ ከአንድ እስከ ሃያ እንደ መዝሙር ይወርደዋል፤ መቁጠርን ግን ገና እየተማረ ነው። ይህ ምንም አያሳስብም፣ ጊዜው ሲደርስ ይስተካከላል።

ጌልማን እና ጋሊስቴል የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1978 ስለ ሕፃናት የቁጥር ግንዛቤ ባሳተሙት መጽሐፍ መቁጠር የተሠራባቸውን ሕጎች ለይተው አሳይተዋል። ለእያንዳንዱ ነገር አንድ የቁጥር ስም ብቻ ይሰጣል። ስሞቹ ተራቸውን አይለቁም። መጨረሻ ላይ የተጠራው ቁጥር የሁሉም ብዛት ነው። ከቀኝም ተጀመረ ከግራ፣ ብዛቱ ያው ነው። ለእኛ ለአዋቂዎች ይህ እንደ ፀሐይ የታወቀ ነገር ይመስለናል። ለአራት ዓመት ልጅ ግን እያንዳንዱ ሕግ አዲስ ግኝት ነው።

እናንተም አሁኑኑ ልታዩት ትችላላችሁ። ልጁ አሥሩን ቆጥሮ እንደጨረሰ «ታዲያ ስንት ነው?» በሉት። ወዲያው «አሥር!» ካለ የመጨረሻው ቁጥር የሁሉም ብዛት መሆኑ ገብቶታል። እንደገና «አንድ፣ ሁለት…» ብሎ ከጀመረ ገና ነው። ቀጥሎ ፍሬዎቹን ራቅ ራቅ አድርጋችሁ ዘርጓቸውና «አሁንስ ስንት ናቸው? በዙ ወይስ ያው ናቸው?» ብላችሁ ጠይቁት። «በዙ» ቢል አታርሙት፤ «እስቲ ቆጥረህ እይ» በሉትና ራሱ ይድረስበት።

አሁን ሲኒዋን አምጧት። ይህ ጨዋታ ከሁሉም የምወደው ነው፤ እንዴት እንደሚሄድ ላሰማችሁ። እናትና የስድስት ዓመት ልጇ ሰሌን ላይ ተቀምጠዋል እንበል። አሥሩ ፍሬ መሐላቸው ነው።

«ዓይንሽን ጨፍኚ» ትላለች እናት። አራቱን ፍሬ በሲኒ ትከድናቸዋለች። «ግለጪ። ስንት ይታይሻል?»

«ስድስት።»

«ሲኒው ሥርስ ስንት አለ?»

ልጅቱ ሲኒውን ትኩር ብላ ታያለች። ጣቶቿን አንድ በአንድ እየዘረጋች «ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አሥር… አራት ነው እማዬ!»

«እንዴት አወቅሽ?»

«ከስድስት ቀጥዬ ቆጠርኩ፤ አራት ጣት ሆነ።»

«እስቲ አንሺው።» ልጅቱ ሲኒውን ታነሳዋለች፤ አራቱ ፍሬዎች ቁጭ ብለዋል።

እናት እዚህ ላይ «ትክክል» ወይም «ስሕተት» ማለት እንዳላስፈለጋት ልብ በሉ። ፍርዱን የሰጠው ሲኒው ነው። ልጅቷ ብትሳሳትም እናቷን አትፈራም፤ ሲኒውን አንስታ ታይና እንደገና ትሞክራለች። ደግሞ ተራ መቀያየር አለ፤ ልጅቷ ትከድናለች፣ እናት ትገምታለች። ልጅ ወላጁን ሲፈትን ደስታው ወሰን የለውም። እናት አንዳንዴ ሆን ብላ «ሦስት ነው መሰለኝ» ትበል፤ ልጅቷ እየሳቀች ስታርማት በዚያው ትምህርቱን ታስረግጠዋለች።

ለምን አሥር? የቁጥር ሥርዓታችን በአሥር የቆመ ስለሆነ ነው። አሥር ከስንትና ከስንት እንደሚሠራ፣ ማለትም ዘጠኝና አንድ፣ ስምንትና ሁለት፣ ሰባትና ሦስት፣ ስድስትና አራት፣ አምስትና አምስት መሆኑ እጁ ላይ የገባ ልጅ ስምንት ሲደመር አምስት ሲባል አይደነግጥም። ከአምስቱ ሁለቱን ለስምንት ያበድራል፤ አሥር ሞላ፤ ሦስት ተረፈ፤ አሥራ ሦስት። ይህን በቃሉ እንዲይዝ ማንም አላስገደደውም፤ ከሲኒው ሥር ያገኘው ነው። በጣት መቁጠርንም አትከልክሉ። ጣት ልጁ በማናቸውም ሰዓት ይዞት የሚዞር አሥር ፍሬ ባቄላ ነው፤ ሲጠነክር ራሱ ይተወዋል።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ከሰሌኑ ተነስተን ወደ ገበያ እንሂድ፤ ያውም ሩቅ ገበያ፣ ብራዚል፣ ሬሲፌ ከተማ። እ.ኤ.አ. በ1985 ሦስት ተመራማሪዎች በዚያ ከተማ በመንገድ ላይ ንግድ የሚሠሩ አምስት ልጆችን ያጠኑት ጥናት ታተመ። ልጆቹ ከ9 እስከ 15 ዓመት የሆናቸው፣ ኮኮናትና ፍራፍሬ የሚሸጡ ነበሩ። ተመራማሪዎቹ መጀመሪያ እንደ ገዢ ቀርበው «ይሄን ያህል ብወስድ ስንት ነው? መልሴስ?» እያሉ ጠየቁ። ልጆቹ ከመቶ ዘጠና ስምንቱን ያህል በትክክል መለሱ። ከዚያ እነዚያኑ የመሰሉ ስሌቶች በወረቀት ተሰጧቸው፤ ያለ ኮኮናት፣ ያለ ገዢ፣ ቁጥር ብቻ። ያን ጊዜ የመለሱት ከመቶ ሠላሳ ሰባት ያህሉን ብቻ ነበር።

ከእነርሱ አንዱ የ12 ዓመት ልጅ ነው። የአንዱ ኮኮናት ዋጋ 35 ነበር፤ ገዢው አሥር ፈለገ። ልጁ ሦስቱ 105 እንደሆነ ያውቃል፤ ሦስት ጨመረና 210 አለ። አራት ይቀራል አለና 315 ደረሰ፤ በመጨረሻ 350 አለ። እኛ ትምህርት ቤት «በአሥር ሲባዛ ዜሮ ጨምር» ተብለን ነው የተማርነው። ልጁ ግን ራሱ በሚያውቀው በሦስት ኮኮናት እየተራመደ ደረሰ። አምስት ልጆች ጥቂት ናቸው፤ ስለ ሁሉም ልጅ በእነሱ መናገር አይቻልም። ግን እስቲ ሠፈራችሁን እዩ። ቆሎ የሚሸጥ ልጅ መልስ ሲመልስ ተሳስቶ ያውቃል? ያ ልጅ ሒሳብ ይችላል፤ የሚችለው ሒሳብና ደብተሩ ላይ ያለው ሒሳብ ያው መሆኑን የሚነግረው ሰው ግን አላገኘም። ይህን መንገር ከእኛ ከወላጆች የሚጠበቅ ሥራ ነው።

ስለዚህ ልጃችሁን ሱቅ ስትልኩት አብራችሁ ሒሳብ ላኩበት። መቶ ብር ይዟል፣ የሚገዛው ዕቃ 65 ብር ነው እንበል። ደብተር ላይ ከዜሮ መበደር፣ ዘጠኝ ማድረግ፣ አንዱን መሰረዝ አለ። ባለ ሱቁ ግን እንዲህ አያደርግም። ከ65 ይነሳና አምስት ብር አስቀምጦ «ሰባ»፣ ሦስት አሥር ብር አስቀምጦ «ሰማንያ፣ ዘጠና፣ መቶ» ይላል። መልሱ 35 ብር። መቀነስ ማለት ከትንሹ ቁጥር ተነስቶ እስከ ትልቁ ያለውን ርቀት መራመድ ነው፤ ልጁ ይህን በብር ካየው ደብተሩ ላይ ያለው ቅነሳም ትርጉም ያገኛል። ከመሄዱ በፊት «መልሱ ስንት ይሆናል ብለህ ትገምታለህ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ሲመለስ ብሩን አብራችሁ ቁጠሩ።

ከሱቁ መልስ ደግሞ ደጅ ላይ ጨዋታ አለ። ሰኞ ማክሰኞ የምትዘል ልጅ ካለቻችሁ በጠመኔ ወይም በከሰል ሳጥኖቹ ውስጥ ከአንድ እስከ አሥር ጻፉላት። ሲግለር እና ራማኒ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ሥራ ከአንድ እስከ አሥር በቀጥታ መስመር ቁጥር የተጻፈበት ሰሌዳ ላይ የተጫወቱ የአፀደ ሕፃናት ልጆች፣ ሁሉም ሲደመር አንድ ሰዓት ቢሆን ነው፣ የቁጥር ዕውቀታቸው ከፍ አለ። በቁጥር ፋንታ ቀለም ብቻ ባለበት ሰሌዳ ላይ የተጫወቱት ይህን ለውጥ አላሳዩም። አንዲት ትንሽ ነገር ግን እንዳትዘነጉ። ልጁ ሦስት ላይ ቆሞ ሁለት እርምጃ ሲሄድ «አንድ፣ ሁለት» ሳይሆን «አራት፣ አምስት» እያለ ይሂድ። እንዲህ ሲል የት እንዳለና የት እንደደረሰ በአንድ ጊዜ ያውቃል።

ገበጣንም አንርሳው። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ገበጣ ባሳተመው ጽሑፍ በአገራችንና በአካባቢው የሚገኙ ብዙ ዓይነት ገበጣዎችን ከነሕጋቸው መዝግቧል፤ ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል። እናንተ አያቶቻችሁ በሚጫወቱት ሕግ ተጫወቱ። መሬት ላይ ሁለት ረድፍ፣ በየረድፉ ስድስት ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ አራት ጠጠር ብታደርጉ ገና ጨዋታው ሳይጀመር ስድስት ጊዜ አራት ሃያ አራት፣ በሁለቱ ወገን አርባ ስምንት ጠጠር አለ። ከዚያ ልጁ ከሦስተኛው ጉድጓድ አራቱን ጠጠር አንስቶ አንድ አንድ እያደረገ ሊዘራ ሲል «ቆይ፣ የመጨረሻዋ የት ትወድቃለች?» በሉት። ሦስት ሲደመር አራት ሰባት፤ ማለትም ተሻግራ የሌላው ወገን የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ። ጎበዝ የገበጣ ተጫዋች እጁ ጠጠሩን ሳይነካ መድረሻውን አስቀድሞ አስልቷል። አያት ያለበት ቤት ደስ ይበለው፤ ለዚህ ትምህርት ከእሳቸው የተሻለ መምህር አይገኝም።

(አጭር ሙዚቃ)

ማባዛት ላይ ትንሽ ረዘም አድርገን እንቆይ፤ ልጆች ብዙ ጊዜ የሚያለቅሱት እዚህ ላይ ነውና። የእንቁላል ማስቀመጫ ትሪ አለ? የተለመደው ሠላሳ እንቁላል የሚይዘው ትሪ በአንድ በኩል አምስት፣ በሌላው ስድስት ጉድጓድ አለው። ልጁ በረድፍ ይቁጠር፤ ስድስት፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ስምንት፣ ሃያ አራት፣ ሠላሳ። አሁን ትሪውን ዞር አድርጉት። አምስት፣ አሥር፣ አሥራ አምስት፣ ሃያ፣ ሃያ አምስት፣ ሠላሳ። እንቁላሉ አልተጨመረም አልተቀነሰም። አምስት በስድስትና ስድስት በአምስት ያው ናቸው፤ በዚህች አንድ መዞር ልጁን ከሚያስፈራው የማባዛት ሠንጠረዥ ግማሽ ያህሉ ተቃለለለት።

ከቀሪው ብዙው በእጥፍ ይሠራል። በሁለት ማባዛት እጥፍ ነው፤ በአራት ማባዛት የእጥፍ እጥፍ ነው፤ በስምንት ደግሞ አንድ ጊዜ እንደገና ማጠፍ ነው። ያቺ እንግዳ ፊት የምትጠየቀው ሰባት በስምንት እንኳ ሰባት፣ አሥራ አራት፣ ሃያ ስምንት፣ ሃምሳ ስድስት ናት። ልጁ ሃምሳ ስድስትን ቢረሳት እንኳ መንገዱን ስለሚያውቅ ተመልሶ ይደርስባታል።

ስለ እጥፍ ካነሳን በውጭ የሒሳብ መጻሕፍት «የኢትዮጵያ ማባዛት» እየተባለ የሚጠራ ዘዴ አለ። በጥንት ግብፅም በሩሲያ ገበሬዎች ዘንድም የታወቀ ነው። ሦስተኛና አራተኛ ክፍል ያላችሁ ልጆች ወረቀት ያዙ። አምስት በስድስትን እናባዛ። በግራ አምስት፣ በቀኝ ስድስት ጻፉ። በግራ ያለውን ለሁለት ክፈሉ፣ ግማሽ ቢተርፍ ጣሉት፤ አምስት ሁለት ይሆናል፣ ሁለት አንድ ይሆናል። በቀኝ ያለውን እያጠፋችሁ ውረዱ፤ ስድስት፣ አሥራ ሁለት፣ ሃያ አራት። አሁን በግራ ለሁለት እኩል የሚከፈል ቁጥር ያለበትን ረድፍ ሰርዙ፤ ሁለት ያለበት፣ በቀኙ አሥራ ሁለት ያለው ማለት ነው። በቀኝ ያልተሰረዙትን ደምሩ፤ ስድስትና ሃያ አራት። ስንት መጣ?

(አጭር ዝምታ)

ሠላሳ። የእንቁላሉ ትሪ! በሌሎች ቁጥሮችም ሞክሩት፤ ሁልጊዜ ይሠራል። ለምን እንደሚሠራ የሚጠይቅ ልጅ ካለ ጥያቄውን ሳታቋርጡ አብራችሁ ፈልጉ።

ወደ ክፍልፋይ ስንመጣ ደግሞ ትምህርቱ እንጀራ ላይ ነው። አንዱ እንጀራ ለሁለት፣ ግማሹ ደግሞ ለሁለት፣ ሩብ ሆነ። ልጆችን «አንድ ስምንተኛ ይበልጣል ወይስ አንድ አራተኛ?» ብትሏቸው ብዙዎቹ ስምንት ከአራት ስለሚበልጥ ስምንተኛው ይበልጣል ይላሉ። ድፎ ዳቦ ሲቆረስ ግን የትኛውን ቁራሽ እንደሚመርጡ እዩአቸው። ዳቦው ከፊታቸው ሲሆን አይሳሳቱም።

ስለ ስሕተት አንድ ነገር ልበል። ልጃችሁ 27 ሲደመር 15 ብላችሁት 312 ጽፎ ቢያመጣ አትቆጡ። ሁለትና አንድ ሦስት፣ ሰባትና አምስት አሥራ ሁለት፤ ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። እያንዳንዱ ድምር ለብቻው ትክክል ነው፤ የጎደለው የአሥርና የአንድ ቤት ነው። «እንዴት እንዳሰብከው ንገረኝ» ካላላችሁት ይህን አታዩም። መድኃኒቱ ስንጥር ወይም ክብሪት እንጨት ነው። አሥር አሥሩን በክር እሰሩ። ሁለት እስርና ሰባት፣ አንድ እስርና አምስት። የተረፉት አሥራ ሁለት ይሆናሉ፤ ከእነሱ አሥሩ ሌላ እስር ይሆናሉ። አራት እስርና ሁለት። አርባ ሁለት። ልጁ እስሩን በገዛ እጁ ካሰረ «ያዝ» የሚባለው አንድ ከየት እንደመጣ ዳግመኛ አይጠፋውም።

ራሳቸው ሒሳብን የሚፈሩ ወላጆችም አሉ፤ እነሱንም ማነጋገር እፈልጋለሁ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ሒሳብ የሚያስጨንቃቸው ወላጆች የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል ልጆቻቸውን የቤት ሥራ አዘውትረው ሲያግዙ ልጆቹ በዓመቱ የተማሩት ሒሳብ አነሰ፤ ጭንቀቱም ወደ እነሱ ተሻገረ። አዘውትረው ባላገዙት ዘንድ ይህ አልታየም። እንግዲህ የቤት ሥራው የሚያስጨንቃችሁ ከሆነ ደብተሩን ለታላቅ እህት ወይም ለጎረቤት ተዉት፤ እናንተ ሲኒውን፣ ገበጣውንና ሱቁን ያዙ። «እኔም ሒሳብ አይገባኝም ነበር» የምትለዋን ነገር ግን እባካችሁ ልጁ ፊት አታንሷት። ማንበብና መጻፍ ያልተማረች እናት እንኳ እህል በጣሳ ስትሰፍር፣ የዕቁቧን ተራ ስትቆጥር፣ ቡና ለስንት ሰው እንደሚበቃ ስትገምት በየቀኑ ታሰላለች፤ ይህን ጮክ ብላ ብታደርገው ልጇ አጠገቧ ሆኖ ይማራል።

ውጭ አገር ሆናችሁ የምታዳምጡን ቤተሰቦች ደግሞ በየቀኑ የሚሠራ ሒሳብ ስልካችሁ ላይ አለ። ስልኩ ጠዋት 10 ሰዓት ሲል በእኛ አቆጣጠር 4 ሰዓት ነው። አያት ጋ ሲደወል ልጁ መጀመሪያ የአገሮቹን የሰዓት ልዩነት ያስላ፤ ከዚያ ስድስት ይቀንስ ወይም ስድስት ይደምር።

በቀን አሥር ደቂቃ ይበቃል፤ ልጁ «አንድ ጊዜ ብቻ እንድገመው» እያለ ሳለ አቁሙ። ደክሞት እስኪያዛጋ ከቆያችሁ ነገ አይመጣላችሁም።

እንግዲህ እስከሚቀጥለው ዝግጅት የሚሠሩ ሁለት ጥያቄዎች ለልጆች ልስጥ። ለትንንሾቹ፦ ቡና ሊጠጡ ስድስት ሰዎች ተቀምጠዋል። ሁሉም አቦልና ቶና ጠጡ፤ በረካ ሳይደርስ ሁለቱ ተነስተው ሄዱ፤ የቀሩት ጠጡ። በአጠቃላይ ስንት ሲኒ ቡና ተቀዳ? ለትልልቆቹ፦ ዛሬ መስከረም 12 ቢሆን እስከ ጥቅምት 5 ስንት ቀን ይቀራል? መስከረም ሠላሳ ቀን መሆኑን አስታውሱ። ወላጆች፣ መልሱን አትንገሯቸው። ልጆቹ መልሱን እንዴት እንዳገኙት በራሳቸው አንደበት ይንገሯችሁና ጻፉት፤ በሚቀጥለው ሳምንት የተለያዩትን መንገዶች አንድ በአንድ እናያቸዋለን።



(የዝግጅቱ መለያ ሙዚቃ)